ሦስተኛው ዙር ከፋሲካ በኋላ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ካርቱም ሁለት። ለሙስሊሙ ጎረቤት የረመዳን 24ኛው ቀን ነው፤ ለኦርቶዶክሱ ሐበሻ ደግሞ ቀዳም ስዑር። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የ14 ዓመቷ ልጅ ሳፋ ሙሉ ሽንኩርት ፊቷ አስቀምጣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ትከትፋለች። እናትየው ወጥ ቤት አልገባችም። ሳሎን ውስጥ ማራገቢያው ሥር ጋደም ብላ፣ ራሷን በነጠላ ሸብ አድርጋ፣ «አድቅቂው እንጂ፤ እንዲህ ከሆነ መች ይበስላል» እያለች ከሩቅ ታዛለች።

እናትየው የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። ሁለት ዙር ኬሞ ወስዳለች። የሦስተኛው ዙር ቀጠሮዋ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ቀኑን ስትቆጥረው ደስ ብሏት ነበር፤ ፋሲካ የሚውለው ሁለተኛውን ዙር በወሰደች በሃያኛው ቀን ነዋ! ኬሞ የወሰደ ሰው የዚህን ቀን ዋጋ ያውቀዋል። ማቅለሽለሹ አልፏል፣ አፍ ጣዕም መለየት ጀምሯል፣ ጉልበትም ትንሽ ተመልሷል። ከሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ሰው ሰው የሚያሰኘው ሳምንት በዓሉ ላይ ዋለላት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከከተማዋ በስተደቡብ ተኩስ ተሰማ። አውሮፕላን ማረፊያውም ሆነ የጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ከካርቱም ሁለት ሩቅ አይደሉምና ብዙም ሳይቆይ ጥቁሩ ጭስ ከጣሪያ በላይ ይታይ ጀመር። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የፈነዳው ጦርነት ነበር። የትንሣኤ ሌሊት ለቅዳሴ ከቤት መውጣት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ማክሰኞም መጣ፤ ሐኪሙ ግን አልነበረም።

ይህች እናት አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም። በካርቱም ሁለትና በዙሪያው ከኖሩ ታማሚዎች የተለመደ ኑሮ ተሰባስባ የተሣለች ናት፤ ስም ያልሰጠናትም ለዚህ ነው። የምትጋፈጠው ጥያቄ ግን የእውነት ነው፤ ጦርነት በሌለበትም ከተማ ይነሳል። ቤተሰብ ከሁሉ በላይ እናትን የሚፈልግበት ወቅትና ሰውነት ከሁሉ በላይ ዕረፍት የሚፈልግበት ወቅት ሲገጣጠሙ ምን ይደረጋል?

ሰፈሩና ሆስፒታሉ

ካርቱም ሁለት ከመሀል ከተማው በስተደቡብ፣ ከካርቱም ሦስት፣ ከአል-ዓማራትና ከዴም ጋር ተጎራብቶ ያለ የቆየ ሰፈር ነው። በገበያው ጥሩ አትክልትና ፍራፍሬ ይገኝ ነበር፤ ከባለ ግቢ ቤቶቹ ብዙዎቹ ለውጭ አገር ሰዎች ይከራዩ ነበር። የሐበሻው ዋና መናኸሪያ ዴም ቢሆንም በካርቱም ሁለት የሐበሻ ምግብ ቤቶችም፣ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆችም፣ በመንገድ ዳር ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይና ጀበና የሚሸጡ ሴቶችም አይጠፉም ነበር። ሰው እዚህ ቤት ይሠራ፣ እዚያ ይተኛ ነበር፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኝ፣ እቁብ ይጥል ነበር።

የሱዳን የካንሰር ሕክምና አውራ የነበረው የካርቱም የጨረርና አይሶቶፕ ማዕከልም በዚያው በመሀል ከተማው፣ ከካርቱም ማስተማሪያ ሆስፒታል አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመ ሲሆን ከተማው በሙሉ «ዘራ» ብሎ ይጠራዋል። «ዘራ ገባች» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ብሪታንያ ትሠራ የነበረችው ሱዳናዊት የራዲዮሎጂ ሐኪም ሃኒያ ሙርሲ ፋድል፣ በሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ ለትርፍ የማይሠራውን የካርቱም የጡት ሕክምና ማዕከል ከፈተች። ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች ሴት፣ ሱዳናዊት ትሁን ሐበሻ፣ ከወንድ ሐኪም ፊት ልብስ ለማውለቅ የምታፍር እንኳ ብትሆን፣ የምትሄድበት ቦታ አገኘች።

ሁለቱም አገሮች የሚጋሩት መልክ አለ። በኢትዮጵያም በሱዳንም በሴቶች ላይ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ሕክምና የሚጀምሩትም ቤተሰብ እያስተዳደሩ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ለወላጅ ገንዘብ እየላኩ ነው። ስለዚህ የካንሰር ሕክምና ጉዳይ የሆስፒታል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወጥ ቤት፣ የኪስና የዘመድ ጉዳይም ነው። ይህ ደግሞ ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ በበዓል ሰሞን ይጎላል።

የኬሞ ባሕረ ሐሳብ

ኬሞ የራሱ ባሕረ ሐሳብ አለው። ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት አንዱ የዶክሶሩቢሲንና የሳይክሎፎስፋማይድ ጥምር ሲሆን ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ አራት ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ ፓክሊታክሰል ይከተላል። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። በደም ሥር ሲገባ ታማሚዋ በቱቦው ውስጥ ታየዋለች፤ ለአንድ ሁለት ቀንም ሽንቷን ያቀላዋል። ያልተነገራት ሴት ደም መስሏት ትደነግጣለች።

ሃያ አንድ ቀን የተባለበት ምክንያት አለው። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ነው የሚመታው። ካንሰሩ በፍጥነት ይባዛል፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ልባስ፣ ደም የሚያመርተው መቅኔም እንዲሁ። መቅኔ አገግሞ ለሚቀጥለው ዙር እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የማቅለሽለሽና የድካም ናቸው። ማስታወክ ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን አንዳንዱን ሰው ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነስቶ ያነቃዋል፤ «ዳንኩ» ብሎ ቤት ሲያጸዳ ይውልና በሦስተኛው ቀን ዝርር ይላል። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይቀንሳል። ሰውየው ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ መከላከያው ግን ባዶ ነው። ሦስተኛው ሳምንት መልካሙ ሳምንት ነው። በማዕከሎቹ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሴቶች ከስም ቀድመው «ስንተኛሽ ነው?» የሚባባሉትም ሁሉ ነገር ከዚህ ቁጥር ስለሚጀምር ነው።

አሁን ይህን ከበዓሉ ጋር እናስተያየው። በገናና በጥምቀት መካከል አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው። ታኅሣሥ 22 ኬሞ የወሰደች ሴት ገናን በስምንተኛው ቀኗ ታከብራለች፤ ጥምቀት ሲደርስ ግን ሃያኛው ቀን ላይ ስለሆነች ከታቦቱ ጋር ብትወጣ ብዙ አያሰጋም። «ገናን በሰላም ልዋልና ከዚያ እወስዳለሁ» ብላ ቀጠሮዋን ወደ ታኅሣሥ 30 የገፋችው ሴት ደግሞ ገናን ጥሩ ትውላለች፤ ጥምቀት የሚመጣው ግን በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ መከላከያዋ በወረደበት ሰዓት ነው። በዚያ ቀን ሕዝብ መሀል ተጋፍቶ መቆም ለሷ አደጋ ነው። ያው ስምንት ቀን አንዱን በዓል ሰጥቶ ሌላውን ይወስዳል።

ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ቀጠሮ ሲሰጥ ስለ በዓል ይጠይቃል፤ ጥሩ ታማሚም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ሁለት ሦስት ቀን ማዘዋወር ብዙውን ጊዜ ይቻላል። በራስ ፈቃድ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው። የጣሊያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት፣ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ከታቀደላቸው የኬሞ መጠን 85 በመቶውንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ጨረር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና በጠቅላላው በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ የሚመከረው፣ ከዚያ ባለፈ ቁጥር ካንሰሩን የመቆጣጠር ዕድሉ በየቀኑ ስለሚቀንስ ነው። በጨረር መሀል «ለበዓል አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» ማለት ቀላል አይደለም።

ሽንኩርቱ፣ ዕጣኑና ቴርሞሜትሩ

በበዓል ዋዜማ የሐበሻን ቤት የሚሞላው ነገር ሁሉ ኬሞ የወሰደን ሰው ይረብሻል። የቁሌቱ ሽታ፣ የተነጠረው ቅቤ፣ የተቃጠለው ላባ፣ የቡናው ጭስ፣ ዕጣኑ። ማቅለሽለሽ ከሆድ ብቻ አይመጣም፤ በአፍንጫም ይገባል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች ወጡን ግቢ ውስጥ፣ በነፋስ አቅጣጫ ራቅ አድርገው የሚሠሩት። ታማሚዋም ትኩስ የሚተን ምግብ ከሚቀርብላት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብትበላ ይሻላታል።

ከሽታው የከፋው ግን ጣዕሙ ነው። በዓሉ ከመልካሙ ሳምንት ውጭ ሲውል፣ ልጅቱ በእንጨት ማንኪያ ወጥ ቀድታ፣ እፍ ብላ አብርዳ፣ «እማ፣ ጨው በቃው?» ትላለች። እናትየው ትቀምስና ዝም ትላለች። አፏ ውስጥ ያለው የብረት ጣዕም ነው፤ በቃውም አልበቃውም ማለት አትችልም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ዶሮ ወጥ በምላሷ ስትለካ የኖረች ሴት፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ያላለቀሰችውን ለዚህ ታለቅሳለች። እዚህ ላይ «ተይው፣ አንቺ እረፊ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ለሷ ግን ከቤቷ መባረር ነው። ልጅቱ «እሺ፣ ቅመሙን አንቺ ለኪልኝ» ብትል ይሻላል። ዓይንና እጅ ጣዕም አይፈልጉም።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ግን ቀልድ አያውቁም። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎ፣ ዱለት፣ ያልተፈላ ወተትና ከሱ የወጣ አይብ በሕክምናው ወራት ይቅሩ። በሚያዝያ የካርቱም ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ የትናንቱ ወጥ ዛሬ በደንብ ካልፈላ አይበላም። አፏ ለቆሰለ ሴት በርበሬ እሳት ስለሆነ አልጫ ለብቻ ይሠራላት። ብብቷ ሥር ያሉት ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት ትልቁን ድስት ከምድጃ ለማውረድ በዚያ በኩል ባለው እጇ አትታገል፤ እብጠት ሊያስከትልባት ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ቴርሞሜትር ነው። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ የገና ሌሊትም ይሁን የዒድ ጠዋት፣ ሆስፒታል ትሄዳለች። ፓራሲታሞል ውጦ «እስኪነጋ እንይ» ማለት በዚህ ሰዓት ሕይወት ያስከፍላል፤ ነጭ የደም ሕዋስ በሌለበት ኢንፌክሽን ሰዓታት ብቻ ይበቁታል። በበዓል ቀን ብዙ ሰው የሚጎዳው ሆስፒታሉ ተዘግቶ ሳይሆን እንግዳ ጥሎ መውጣት አሳፍሮት ነው።

የበዓሉ ብርና የስልኩ መስኮት

በስደት ያለ ሰው በዓሉን የሚያከብረው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ካርቱም ሁለት፣ ሌላው ጎንደር ወይም ደሴ ወይም አዲስ አበባ። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ለፋሲካ በግ የሚገዛው ካርቱም ያለችው ልጅ በላከችው ገንዘብ ነው። ልጅቱ ስትታመም ግን ያ ገንዘብ ለደም ምርመራ፣ ለራጅ፣ ለመጓጓዣ ይፈለጋል። ብዙዎች ታዲያ የሚመርጡት መላኩን ነው። ያልላኩ እንደሆነ ጥያቄ ይነሳል፤ ጥያቄ ከተነሳ ሕመሙ ይታወቃል።

ሕመሙን መደበቅ የተለመደ ነው። እናት አርጅታለች፣ ልቧ አይችለውም ይባላል። በኢሞ ሲደወል መብራቱ ከጀርባ ይደረጋል፣ ሻሹ ወደ ግንባር ዝቅ ይላል፣ ጉንጭ ትንሽ ቀለም ይቀባል። «ከሳሽሳ፣ የኔ ልጅ?» «ጾም ነው እኮ፣ እማዬ።» በዐቢይ ጾም ይህ መልስ ያስኬዳል፤ 55 ቀን ሙሉ ማንም አይጠራጠርም። ፋሲካ ሲያልፍ ግን ሰበቡም ያልፋል።

ይህን መደበቅ በጅምላ ማውገዝ አይቻልም። ለማን፣ መቼ መናገር እንዳለባት የምትወስነው ታማሚዋ ናት። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ የተደበቀ ሕመም ረዳት የለውም። አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድም ቢያውቅ ለዚህ ዓመት በጉን ራሱ ይገዛ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ደግሞ ቢደበቃቸውም ያውቁታል፤ የማያውቁት ስሙን ብቻ ነው። ስሙን ያልሰሙ ልጆች በራሳቸው ጥፋት የመጣ ይመስላቸዋል። ለሰባት ዓመት ልጅ «እማዬ ታማለች፣ መድኃኒቱ ፀጉር ያረግፋል፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ ወደ አንተ አይተላለፍም» ማለት ይበቃል። ለአሥራ አራት ዓመቷ ደግሞ እውነቱን ከሥራው ጋር መስጠት ያስፈልጋል፤ ሥራውን ብቻ ከሰጠናት አገልጋይ አደረግናት ማለት ነው።

ጾምና የሁለት ሃይማኖት ጎረቤት

በ2015 ዓ.ም. የሁዳዴው ማለቂያና ረመዳን ተደራርበው ነበር። በካርቱም ሁለት አንድ አጥር የሚለያቸው ሁለት ታማሚዎች ቢኖሩ፣ አንዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላዋ እስከ መግሪብ አፏን መያዝ ያምራታል። ሁለቱም ግን ተፈቅዶላቸዋል። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያወጣል፤ በእስልምናም ሕመምተኛና መንገደኛ ያለመጾም ፈቃድ እንዳላቸው ቁርኣን ይደነግጋል። ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን ልቡናው ላይ ነው፤ ታማሚዋ እግዚአብሔርን በምትለምንበት ሰዓት ጾምን መተው ይከብዳታል። ስለዚህ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ መድኃኒትሽ ጾምሽ ነው» ቢሏት ይበልጥ ትሰማለች። ሐኪሞች ካህናትንና ሼኮችን ቢያማክሩ የሚያተርፉትም እዚህ ነው።

ወተትና ሥጋ መብላት ፈጽሞ የከበዳት ሴት ደግሞ ቢያንስ ሰዓቱን ትተው። ካርቱም ለዚህ ትመች ነበር፤ በየመንገዱ ፉል ይሸጣል፣ ጣዕሚያ ይጠበሳል፣ ምስርና ኦቾሎኒ አይጠፋም። ጠዋት አንድ ሳህን ፉል በዘይት የበላች ሴት ጾሙን ከነክብሩ፣ ሰውነቷንም ከነጉልበቱ ትይዛለች። አክፍሎት ግን ለሷ አይሆንም። ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት በኬሞ ለደከመ ኩላሊት፣ ለዚያውም በካርቱም ሙቀት፣ ትልቅ ጉዳት ነው።

የተቋረጠው ዙር

ጦርነቱ እንደተጀመረ ዘራ ሥራ አቆመ። መንገዱ የውጊያ ቀጠና ሆነ፤ ሐኪሞችም ታማሚዎችም ተበተኑ። መውጣት የቻለ ታማሚ ወደ ዋድ መዳኒ ሄደ፤ እዚያ የገዚራ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ተቋም አለ። ተቋሙ በአንዴ የአገር ሸክም ወደቀበት። በታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለገና በዓል ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀር፣ ዋድ መዳኒም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባች። ታማሚዎቹ እንደገና ተሰደዱ፤ ጨረር የሚያስፈልገው ወደ ሰሜን፣ ወደ መረዌ አቀና። ጦሩ ዋድ መዳኒን መልሶ የያዛት በጥር 2017 ዓ.ም.፣ ካርቱምን ደግሞ በመጋቢት ነው።

ሐበሻው ግን በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ነበር የወጣው፤ በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መተማ ዮሐንስ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ይህን መንገድ ኬሞ ላይ ያለች ሴት በአውቶቡስና በጭነት መኪና፣ በየኬላው እየወረደች ስትጓዝ፣ ከእጇ የማይለየው ትልቁ ሀብት ወርቅ ሳይሆን አንድ ፕላስቲክ ፌስታል መሆን ነበረበት። ፌስታሉ ውስጥ የባዮፕሲው ውጤት፣ የተሰጣት የመድኃኒት ዓይነትና መጠን፣ የዙሮቹ ቀን አለ። ብዙዎች ግን የያዙት ፓስፖርትና የልጅ ልብስ ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚቀበላት ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው «ቀዩን መድኃኒት ምን ያህል ወስደሻል?» ይሆናል። ዶክሶሩቢሲን በዕድሜ ልክ የሚቆጠር ጣሪያ አለው፤ ካለፈ ልብን ይጎዳል። ማስረጃ ከሌለ ሐኪሙ በግምት ለመጨመር ይፈራል፣ ናሙና እንደገና መውሰድም ግድ ይሆናል። ሳምንታት በዚህ ያልፋሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአንዱ ጦርነት የሸሸ ሰው ሌላ የተዘጋ መንገድ ጠበቀው። እንቁጣጣሽ የመጣው በዚህ መሀል ነበር።

ጨረር የሚያስፈልጋት ሴት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ መግባት ይኖርባታል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረማያ ቢጨመሩም ወረፋው አሁንም ረጅም ነው። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ይሰጣል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ የት ይደር? ልጃቸውን ማቴዎስን ገና በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ቤተሰባቸው በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃል፤ ተስፋ አዲስ ደግሞ የታመሙ ልጆችንና ወላጆቻቸውን ያሳርፋል። በእነዚህ ቤቶች በዓል በጋራ ይከበራል። ቤንች ማጂ፣ ወሎና ቦረና በአንድ መሶብ ይቀርባሉ። ያም ሆኖ እናት እዚህ፣ ልጆች እዚያ ናቸው፤ በዓሉ የሚከብደው ስለተደገሰ ወይም ስላልተደገሰ ሳይሆን ስለዚህ መለያየት ነው።

ቀጠሮውን ከጓዳው ጋር ማስታረቅ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው፤ በዓሉ ይተጣጠፋል፣ ሕክምናው ግን ብዙ አይተጣጠፍም። ዶሮው ከሦስት ወደ አንድ ቢወርድ፣ ድግሱ ከእሑድ ወደ ዳግም ትንሣኤ ቢተላለፍ፣ እንግዳ በሰዓት ተከፋፍሎ ቢመጣ በዓልነቱ አይቀርም። ሕክምናውን እንደ ድግስ መግፋት ግን አይቻልም። አስቸጋሪው ነገር ቤታችን ተቃራኒውን መልመዱ ነው። ሴትየዋ ለድግሱ ስትል ቀጠሮዋን ትገፋለች፤ ማንም ድግሱን ግፊው አይላትም።

ስለዚህ የሆስፒታሉ ካርድ ከቦርሳ ይውጣና ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ይመሳከር። የኬሞው ቀን፣ መከላከያ የሚወርድበት ሳምንት፣ መልካሙ ሳምንት በተለያየ ቀለም ይከበቡ። ያኔ ባልየውም «ዘንድሮ ገና በስንተኛሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ሥራው አስቀድሞ ይከፋፈል፤ ሽንኩርቱን ወንድ ልጅም ይከትፋል። ጠያቂ ሲመጣ ጉንፋን የያዘው ከበር ላይ ሰላም ብሎ ይመለስ፤ ይህን የሚናገረው ታማሚዋ ሳትሆን ሌላ ሰው ይሁን፤ እሷ ካለችው ኩራት ነው ይባላል። ወረቀቶቹ ደግሞ ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ ይነሱና ለሁለት ሰው ይላኩ። ካርቱም ለመፍረስ አንድ ቅዳሜ በቃት፤ ጎርፍም፣ እሳትም፣ የጠፋ ቦርሳም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይፈልጋሉ።

የቀረው የማኅበሩ ድርሻ ነው። የሐበሻ እድር ካርቱምም ሳለ፣ አገር ቤትም፣ ሬሳ ለመሸኘት የሚያህለው የለም፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሬሳ አገር ቤት የማድረሻው ገንዘብ ሁሉ በደንብ ተጽፎለታል። በሕይወት ያለች ሴት ኬሞ ላይ ሳለች የበዓሏን ድስት የሚጥድላት አንቀጽ ግን በአብዛኞቹ ደንቦች ውስጥ የለም። ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ስብሰባ ነው። በሕክምና ላይ ላለ አባል በዓመት ሦስቱን ትልልቅ በዓላት ሁለት ቤተሰብ በተራ ያበስላል፣ አንድ ሰው ቀጠሮ ያደርሳል፣ ለቀብር ከሚከፈለው ገንዘብ ጥቂቱ ቀድሞ ለመድኃኒት ይለቀቃል። ይህን የወሰነ እድር ለቀብር የሚያወጣው ገንዘብ ሊቀንስለት ይችላል፤ የአባላቱ ቁጥር ግን አይቀንስበትም።